ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ ግልጽ ደብዳቤ፦ የጦብያ ዕቃ ከጓዳው ይውጣልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለተከበሩ የደብራችን አስተዳዳሪ አባታችን፣ ለሰበካ ጉባኤው አባላት በሙሉ፣ ለካህናቱ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ እንዲሁም እሁድ እሁድ ከጥዱ ስር ቆመን አብረን ለምናስቀድስ ሁሉ

እንደምን ሰነበታችሁ። የደብሩን ስም አልጻፍኩም፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ እኛ እንተዋወቃለን፣ የማያውቀን ደግሞ የራሱን ደብር እያሰበ ያንብበው ብዬ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙ አንርቅም፣ ይሄ ይበቃል። ሰውም በስም አልጠራም። የኔ ጉዳይ ከአንድ ክፍል ቁልፍ ጋር ነው፣ ለቆሎ ተማሪ ማደሪያ ተብሎ ተሰርቶ አሁን የነጋዴ ሲሚንቶ ከሚቀመጥበት አዳራሽ ጋር። ጦብያ ማን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

እኔ የዘበኛው ልጅ ነኝ። ብዙዎቻችሁ አባቴን ታስታውሱታላችሁ፣ ያ ካቦርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ቀይ የእጅ ባትሪ ይዞ በሩ ስር የሚቀመጠው። 27 ዓመት ያን በር ከፍቶ ዘግቷል። የኛን አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ውርጩ ሳሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ነው የሚታየው፣ በዛ ብርድ ለሰዓታት የሚመጡት ካህናት ሳይደርሱ ይነሳና መጀመሪያ መቃኑን ይሳለማል ከዛ ነው ቁልፉን የሚያስገባው። ልጅ ሆኜ ሻይ በፔርሙስ ሳደርስለት "አባዬ በሩን ለምንድነው የምትስመው፣ በሩ ታቦት ነው እንዴ" ብዬው አውቃለሁ። ሳቀብኝና "እሱ እኮ ከኔ በላይ ነው ያደረው" አለኝ። እስካሁን በደንብ አልገባኝም ግን አልረሳሁትም። ደሞዙማ መጀመሪያ በእህል ነበር፣ በመኸር ከየቤቱ የሚሰበሰብ ገብስና ስንዴ፣ ኋላ በብር ሆነ፣ ብሩ ደግሞ ለኛ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ደብተር ይብቃ አይብቃ እናቴ ታውቃለች። ስራዬ ዝቅ ያለ ነው ሲል ግን አንድ ቀን አልሰማሁትም። አሁን እዛው ከቤተልሔሙ ጀርባ አርፏል፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ግንቦት አንድ እሁድ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ቤተክርስቲያን መጣሁ። ሱሪ ለብሼ ነበር፣ ከላይ ነጠላዬን ተከናንቤያለሁ፣ ሀሳቤ ከውጪ ተሳልሜ ትንሽ ቆሜ ልሄድ ነው። በሩ ላይ ከኮሚቴው አንዱ "አንቺ! ወዴት ነው በዚህ አለባበስ! ይሄ ቡና ቤት መሰለሽ?" ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። እሺ፣ ጥፋቴን እቀበላለሁ፣ ቀሚስ ከላይ ጣል ማድረግ ነበረብኝ፣ ነውር ነው ብባል አልከፋም። ግን እሱ እየጮኸብኝ እያለ ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ፣ ዞር ስል አይሱዙ፣ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ነው፣ ያው ሰውዬ እኔን በእጁ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በሩን ሁለቱንም ክንፍ በረገደለት፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ የአብነት ተማሪዎቹ አዳራሽ በር ላይ ቆመና ማራገፍ ጀመረ። ቅዳሴ ላይ ነን እኮ! ወንጌል እየተነበበ!

እና እዛው አጥሩ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። ስለሱሪው አይደለም። ያ አዳራሽ ሲሰራ እኔ በትከሻዬ ድንጋይ አመላልሻለሁ፣ እናቴ ጠላ ጠምቃ ግንበኞቹን አጠጥታለች፣ ከየቤቱ ቆርቆሮ ተለምኖ ነው ያለቀው፣ ለቆሎ ተማሪ ማደሪያ ተብሎ፣ በፍልሰታ ደግሞ ሱባኤ ለሚገቡ እናቶች መጠለያ ተብሎ። አሁን የአንድ ነጋዴ ስቶር ሆኗል። ነጋዴው የማን ዘመድ እንደሆነ እናንተም እኛም እናውቃለን።

ከዛን ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ስለ በር ጠባቂ የሚለውን ስፈልግ ነው የከረምኩት። ሊቅ አይደለሁም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ ያም ከቀረ ቆየ፣ ስህተት ካለኝ የኔታ ያርሙኝ። ግን ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ፣ እኔ ዘበኛ ማለት አባቴን የመሰለ ድሃ በርዶት የሚያድርበት ስራ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ እግዚአብሔር ግን ለካ በጣም ትልቅ ቦታ ነው የሰጠው።

1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 9ን ክፈቱ። "በረኞች" ይላቸዋል። በየመድረኩ እንዲጠብቁ የተመረጡት 212 ነበሩ፣ በስም በትውልድ የተቆጠሩ፣ በአራቱም ማዕዘን የሚቆሙ፣ በእግዚአብሔር ቤት ዙሪያ የሚያድሩ፣ በየጠዋቱ ደጁን መክፈት የነሱ ነው። ከመካከላቸው ደግሞ ንዋየ ቅድሳቱን በቁጥር የሚያስገቡ በቁጥር የሚያወጡ አሉ። ቁጥር እንግዲህ! ዳዊት በሸመገለ ጊዜ ሌዋውያኑን ሲያስቆጥር ከ38,000 ውስጥ 4,000ውን በረኛ ነው ያደረገው፣ ለመዘምራኑ የመደበውም ያንኑ ያህል 4,000 ነው። በየትኛው በር ማን ይቁም የሚለውም በዕጣ ነው የተከፈለው፣ ታናሹም ታላቁም እኩል፣ ዘመድ የለ ወዳጅ የለ። ታቦቱ ቤቱ 3 ወር የተቀመጠለት አቢዳራ እንኳን፣ ያ ቤቱ የተባረከለት ሰውዬ፣ በኋላ የምናገኘው በር ላይ ነው፣ ከበረኞቹ ተቆጥሮ፣ የደቡቡ በር ዕጣ ደርሶት። ታቦት ቤቴ አድሯል ብሎ ወንበር አልጠየቀም።

ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ደግሞ 2ኛ ነገሥት መጨረሻው ላይ የባቢሎን ንጉሥ የዘበኞች አለቃ ናቡዘረዳን ይዞ ከሄዳቸው ሰዎች መካከል ሊቀ ካህናቱ ሠራያ አለ፣ ሁለተኛው ካህን ሶፎንያስ አለ፣ ከዛ ቀጥሎ ሦስት በረኞች። ሪብላ ላይ አብረው ተገደሉ። ጠላት እንኳን በረኛ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው።

በጣም የወደድኩት ግን የቆሬን ነገር ነው። ቆሬ በሙሴ ላይ ተነስቶ ከሱ ጋር 250 ሰዎች ጥና ይዘው ያልተሰጣቸውን እናጥናለን ብለው ቀረቡ፣ እሳት በላቸው፣ እሱንም ምድር ዋጠችው። ልጆቹ ግን አልሞቱም ይላል ዘኍልቁ 26። እነዛ የዳኑት ልጆች ዘራቸው በኋላ ምን ሆነ? በረኛ! የድንኳኑን መድረክ ጠባቂዎች። አያታቸው ወሰኑን ጥሶ የጠፋበትን ደጅ እነሱ እንዲጠብቁት ተሰጣቸው። በየቀኑ የምንደግመው መዝሙር 83 የቆሬ ልጆች ነው ርእሱ ላይ፣ በኃጢአተኞች ድንኳን ከመቀመጥ በእግዚአብሔር ቤት መጣልን መረጥኩ የሚለው። በር ላይ መጣል ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አባቴ ዳዊቱን ሲደግም እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ አሁን ነው የገባኝ።

አባቶቼ፣ አሁን አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር ነው፣ ታገሱኝ። እኛ ቅጥሩ ይጠበቅ ስንል ሁልጊዜ የምናስበው ከውጪ የሚመጣውን ነው፣ ሰካራሙን፣ ሱሪ የለበሰችውን፣ ሌላ እምነት ያለውን፣ ሌባውን። አጥር እናስረዝማለን፣ ከላይ ጠርሙስ እንሰካለን። መጽሐፉ ላይ ግን መቅደሱን ያረከሱትን ስትቆጥሩ አብዛኞቹ የውስጥ ሰዎች ናቸው። ሌላ እሳት ያቀረቡት ናዳብና አብዩድ የአሮን የራሱ ልጆች ናቸው። አፍኒንና ፊንሐስ ካህናት ናቸው፣ ሎሌያቸው ሦስት ጥርስ ያለው ሜንጦ ይዞ ሰው ለመሥዋዕት ካቀረበው ስጋ ከድስቱ እየወጋ የሚያወጣላቸው፣ ስቡ ሳይጤስ ጥሬውን አምጡ ካልሆነ በግድ እንወስዳለን የሚሉ፣ ከዛ የተነሳ ሰው መሥዋዕቱን ናቀ ይላል። ጣዖት መቅደሱ ውስጥ ያቆመው ምናሴ የዳዊት ዘር ንጉሥ ነው። ሕዝቅኤል ባየው ራእይ ጀርባቸውን ለመቅደሱ ሰጥተው ለፀሐይ የሚሰግዱት 25ቱ ሰዎች የቆሙት በወለሉና በመሠዊያው መካከል ነው፣ እዛ ድረስ ማን ይገባል? የውጪ ሰው አይገባም።

ዖዝያን ንጉሡም ሊያጥን ሲገባ ዓዛርያስ ካህኑ 80 ጽኑ ካህናት አስከትሎ ገባና ፊት ለፊት "ይሄ ላንተ አይገባም፣ ውጣ" አለው። ለንጉሥ ነው እንግዲህ፣ ብዙ ያሸነፈ፣ ግንብ የገነባ፣ ደጋግ ስራ ያለው ንጉሥ። ለምጹ ግንባሩ ላይ ወጣ፣ አጣድፈው አስወጡት። እኛ ጋ 80 ቀርቶ አንድ ሰው ለነጋዴው ውጣ የሚል አልተገኘም፣ ለኔ ግን ወዲያው ተገኘ።

እሺ ወደ ክፍሉ እንምጣ። ነህምያ 13 ላይ የኛው ታሪክ አለ፣ ሳነበው ጸጉሬ ነው የቆመው። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያሰራው ነህምያ ለጊዜው ወደ ንጉሡ ሄዷል። እሱ በሌለበት ካህኑ ኤልያሴብ በእግዚአብሔር ቤት ጓዳዎች ላይ የተሾመ ሆኖ ሳለ ለጦብያ ትልቅ ክፍል አዘጋጀለት፣ ጦብያ ማለት ቅጥሩ ሲሰራ ቀበሮ ቢወጣበት ያፈርሰዋል እያለ ሲያላግጥ የነበረው አሞናዊ ነው፣ ኤልያሴብ ግን ቅርቡ ስለሆነ ሰጠው። በዛ ክፍል በፊት ምን ነበረበት? የእህል ቁርባን፣ ዕጣን፣ ዕቃዎቹ፣ የእህሉ የወይኑ የዘይቱ አሥራት። ለማን የሚሰጥ? ለሌዋውያኑ፣ ለመዘምራኑ፣ ለበረኞቹ! አያችሁልኝ? የጦብያ ሶፋና አልጋ የተቀመጠው በበረኞቹ ደሞዝ ቦታ ነው።

ከዛ በኋላ ያለውን ቁጥር አብዛኛው ሰው ሲሰብክ ይዘለዋል። ነህምያ ተመልሶ ሲመጣ ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዱ ወደ እርሻው ሸሽቷል ይላል። ማለትም ክፍሉ ለጦብያ ሲሰጥ አሥራቱ ቆመ፣ አሥራቱ ሲቆም አገልጋዩ ተበተነ፣ የእግዚአብሔር ቤት ተተወ። ሁሉም የተጀመረው በአንድ ክፍል ነው።

እኛስ? ከአባቴ በኋላ የመጣው ዘበኛ በወር በሚሰጠው ብር አልኖር ሲለው ፋብሪካ ገባ። ሁለቱ ዲያቆናት አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ አዲስ አበባ ሄደ፣ የተሻለ ደብር አገኘ ይባላል አይታወቅም። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፣ ተማሪዎቻቸው ማደሪያ ሲያጡ ሦስት ብቻ ቀርተዋል፣ እነሱም በመቃብር ቤት ነው የሚያድሩት፣ በኛ አገር ብርድ። ድሮ ከመንዝ ከመርሐቤቴ ድረስ እየመጣ የሚማር ልጅ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ሲመጡ እናቴ ቂጣ ሳትጋግር አታድርም። እነዚህ ሁሉ ሲሄዱ የዘበኝነቱ ስራ በኮሚቴ ተራ ሆነ፣ ተራ የደረሰው ሰው ደግሞ በሩን የሚያውቀው ለመጮህ ብቻ ነው።

"ኪራዩ ለአዲሱ ሕንፃ ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ሲነገርም ሰምቻለሁ። ነቢዩ ሐጌ ሕንፃው ይሰራ ብሏል አይደል፣ እናንተ በተሸለመ ቤት እየኖራችሁ የኔ ቤት ፈርሷል ብሎ፣ ልክ ነው። ግን ሐጌ ያለው ተራራ ወጥታችሁ እንጨት አምጡ ነው፣ ክፍል አከራዩ አላለም። ስለ ገንዘብም ካነሳን ንጉሡ ኢዮአስ ጋ እንሂድ፣ በ23ኛው ዓመቱ ካህናቱ ገንዘቡን እየተቀበሉ ቤቱን ግን እንዳላደሱት ሲያይ ካህኑ ዮዳሄ ሳጥን ወሰደና ክዳኑን በሳ መሠዊያው አጠገብ አስቀመጠ፣ ሳጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱም በአንድ ላይ መጥተው ይቆጥራሉ። አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥርም። ከዛ ለአናጢው ለግንበኛው ይከፈላል። የሙዳየ ምጽዋት ሀሳብ ከዚህ አይርቅም። የኛን የኪራይ ውል ያየ ሰው ካለ ግን እጁን ያውጣ፣ ስንት እንደሆነ፣ እስከመቼ እንደሆነ፣ ሪሲት እንደተቆረጠ። ሰረቃችሁ እያልኩ አይደለም፣ እንደዛ የሚል ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እጣላዋለሁ። አልታየንም ነው የምለው።

ስለ ታችኛው በር ደግሞ። ገበያ ለሚሄድ ሰው በላይኛው ገብቶ በታችኛው መውጣት ብዙ መንገድ ያሳጥራል። ማክሰኞና ቅዳሜ ብታዩ በግ የሚነዳ፣ ከሰል የተሸከመ፣ ዶሮ ዘቅዝቆ የያዘ፣ በስልክ እየተሳደበ የሚሄድ፣ ሁሉም በቅኔ ማኅሌቱ ጎን ነው የሚያልፈው። ማርቆስ ወንጌል ላይ አንዲት ቁጥር አለች፣ ምዕራፍ 11 ቁጥር 16፣ ጌታ የለዋጮቹን ገበታ ከገለበጠ በኋላ "ዕቃም ተሸክሞ ማንም በመቅደስ ሊያልፍ አልፈቀደም" ትላለች። ማርቆስ ብቻ ነው የጻፋት። አቋራጭ ነበራ! እዛም አቋራጭ ነበር ማለት ነው! እናቴ ይህን ቁጥር አንብባ አታውቅም፣ ማንበብም አትችልም፣ ግን ውሃ በእንስራ ተሸክማ አንድ ቀን በቅጥሩ ውስጥ አልፋ አታውቅም፣ ዳገቱን በውጪ ትዞረዋለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ሸክሟን እንደያዘች ጎንበስ ትላለች። በቅሎ የተቀመጠ ሰው ደጀ ሰላም ሲደርስ ወርዶ ተሳልሞ እየጎተተ ያልፍ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አሁን ባጃጁ ጥሩምባ እየነፋ ነው የሚያልፈው።

ጌታ ገበያውን የበተነበት ቦታም የት እንደሆነ አስቡት፣ የውጪው አደባባይ ነው፣ አሕዛብ መጸለይ የሚችሉት እዛ ድረስ ብቻ ነበር። ከዛ ወዲያ የሚያልፍ ባዕድ ሞቱን በራሱ ላይ ያመጣል የሚል በግሪክኛ የተቀረጸ የማስጠንቀቂያ ድንጋይ ነበረበት፣ ድንጋዩ በ1871 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ ተገኝቷል። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው በትክክል ተሰቅሏል፣ ባዕዱ በትክክል ተከልክሏል፣ ለባዕዱ የተተወችው ቦታ ላይ ግን ርግብ ሻጭና ገንዘብ ለዋጭ ተደርድሯል። "ቤቴ ለአሕዛብ ሁሉ የጸሎት ቤት ትባላለች ተብሎ የተጻፈ አይደለምን? እናንተ ግን የወንበዶች ዋሻ አደረጋችኋት" ያለው እዛ ቆሞ ነው። ማቴዎስ ደግሞ ከዛ በኋላ ማን እንደገባ ይነግረናል፣ ዕውሮችና አንካሶች በመቅደስ ወደ እርሱ ቀረቡ ፈወሳቸውም፣ ሕፃናቱም ሆሣዕና እያሉ ይጮሁ ነበር። ገበያው ሲወጣ ነው ለነሱ ቦታ የተገኘው። የኛም በር ላይ ትልቅ ታፔላ አለ፣ ሱሪ ክልክል፣ የተከፈተ ጸጉር ክልክል፣ ጫማ ክልክል። ታፔላው ይኑር፣ ሙሴም በቁጥቋጦው ፊት ጫማህን አውልቅ ተብሏል። ግን በር ላይ የሚለምኑት እናቶች ከዝናብ የሚጠለሉበት በረንዳ እንኳን ጡብ ተደርድሮበት ተይዟል። ይህች ከተማ ስንት ተፈናቃይ እንዳስጠለለች እናንተም ታውቃላችሁ፣ ከነሱ ውስጥ እኛ ጋ የሚያስቀድሱ አሉ፣ ልጅ አዝለው ዝናብ ላይ ቆመው።

በሰው ብቻ አልፈርድም፣ እኔም አለሁበት። ካቻምና በበዓለ ንግሥ ሌሊት ማኅሌቱ ሲደምቅ ስልኬን አውጥቼ ላይቭ ገባሁ፣ ጸናጽሉ ወረቡ በጣም ነበር ያማረው፣ ሰው እንዲያይ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መሪጌታ ዘወር ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉኝም፣ መቋሚያቸውን አንስተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እስኪነጋ እንደዛው ቆሙ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ላይቩን አጠፋሁት፣ ከዛ ወዲህ ስልኬን ቤት ነው የምተወው፣ ቲክቶክ ላይ ያለውን ግን ማጥፋት አልቻልኩም፣ ሌላ ሰው ወስዶ ዘፈን ደርቦበት ይዞራል። የሰርግ ካሜራማኖቹም ያው ናቸው፣ ባለፈው ቅድስት ድረስ መብራት ይዞ የገባ ነበር፣ ከዚህ አትለፍ የሚለው ጠፋ። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ በደረጃ የተከፈለው ለምንድነው ታዲያ። ሲና ተራራ ላይም እግዚአብሔር ሙሴን ለሕዝቡ ወሰን አድርግላቸው ነው ያለው፣ ወሰኑ ለነሱ ለራሳቸው ነበር፣ እንዳይጠፉ።



የምጠይቃችሁ ነገር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሲሚንቶው ይውጣ። ነህምያ የጦብያን ዕቃ ራሱ ወደ ውጪ ወረወረው፣ ከዛ ጓዳዎቹ እንዲነጹ አዘዘ፣ ከዛ የነበረውን ቁርባንና ዕጣን መልሶ አገባ፣ ከዛ ደግሞ በዕቃ ቤቱ ላይ የታመኑ የተባሉ ሰዎችን ሾመ፣ አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ሌዋዊ፣ አንድ ረዳት። እኛ መወርወር አንፈልግም፣ ሰውዬው ወንድማችን ነው፣ ልጁን እዛው ነው ክርስትና ያስነሳው፣ በክብር ጊዜ ተሰጥቶት ይውጣ። ንጉሡ ሕዝቅያስ አባቱ የዘጋውን መቅደስ ከፍቶ ሲያስነጻ ካህናቱ በመጀመሪያው ወር በመጀመሪያው ቀን ጀምረው በ16ኛው ቀን ጨርሰዋል፣ ከውስጥ ያገኙትን ርኩስ ሁሉ ቄድሮን ወንዝ ወስደው ጥለው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ 16 ደግሞ በዓሉ ነው። አሁን ሰኔ ነው፣ ቀን አለን። ነሐሴ ሲብት ሱባኤ የሚገቡት እናቶች በላስቲክ ስር እንዳያድሩብን፣ አምና አንዷ አሮጊት በብርድ ታመው በቃሬዛ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰዱት፣ ረስታችሁት አይመስለኝም።

ሌላው የዘበኛ ደሞዝ ነው። በር የሚጠብቅ ሰው ይቀጠር፣ የሚበላው ይሰጠው፣ ካህናቱ ስሙን በጸሎት ያንሱት። እንዴት ሰው ማናገር እንዳለበትም አንድ ሽማግሌ ያስተምሩት፣ አባቴ ሰካራም ሲመጣበት እንኳን "ወንድሜ፣ ዛሬ ደክሞሃል፣ ነገ በጠዋት እከፍትልሃለሁ" ነበር የሚለው፣ አንዳንዱ በእውነት በነጋታው ይመጣ ነበር። የደሞዙን ነገር እኛ ከፋብሪካ ያለን ልጆች ተነጋግረናል፣ 14 ነን፣ በየወሩ እናዋጣለን፣ በስማችን ሪሲት ይቆረጥልን እንጂ ችግር የለም። የታችኛው በር በገበያ ቀን ይዘጋ፣ ለቀብርና ለንግሥ ብቻ ይከፈት። ሰው ያጉረመርማል፣ አንድ ወር ካጉረመረመ በኋላ በውጪ መዞር ይለምዳል።

መቼ እንደምትሰበሰቡ አላውቅም ግን ስትሰበሰቡ ጥሩኝ፣ ቀሚስ ለብሼ እመጣለሁ። ሲሚንቶውን የሚያወጣ ሰው ችግር የለም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች አለን ብለዋል፣ መኪና የሚሰጠንም አግኝተናል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብትሉን በሁለት ሰዓት ይጠናቀቃል።

ቁልፉን በተመለከተ፣ የአዳራሹ የድሮ ቁልፍ እኔ ጋ ነው ያለው፣ አባቴ ሲያርፍ ከካቦርቱ ኪስ ነው ያገኘሁት፣ ከማዕተብ ክር ጋር ታስሮ። ባለፈው ሄጄ ሞከርኩት። ጓጉንቸሩ ተቀይሯል። አዲሱን ቁልፍ ማን እንደያዘው እባካችሁ በዚህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአውደ ምሕረት ላይ ንገሩን።

የዘበኛው ልጅ
ሰሜን ሸዋ